የማታው ሥራ ለምን አይቆጠርም?

በዚህ መጽሔት ገጾች ስለ ምግብ ቤቱ እንጀራና ስለ መኝታ ቤቱ መብራት ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ከእንጀራም ከመብራትም ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ እስካሁን ማንም ሲያነሣው አላየሁም። ይኸውም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከክፍል ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ለሚሠሩት የዲዛይን ሥራ ክሬዲት ሊሰጣቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ለምን እንደ ሆነ አስረዳለሁ፤ አይገባም የሚሉት ወገኖች የያዙትንም እውነት አልሸሽግም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በ2017 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ሰኔ ድረስ አምስት ተማሪዎች በወርክሾፑ አንድ ጥግ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ስንሠራ ከረምን። ሦስታችን ከሜካኒካል፣ አንዱ ከኤሌክትሪካል፣ አንዷ ከኬሚካል ክፍል ነን። መነሻው የመኝታ ቤት ወሬ ነበር። አንዱ ጓደኛችን እናቱ ቤት የቆጣሪው ካርድ ወሩ ሳይደርስ እንደሚያልቅ ሲያማርር፣ ሌላው ከአልጋው ሳይነሣ «ሌባው ምጣዱ ነው» አለ። በዚያ ማታ ብዙ ተሣሣቅን፤ በማግስቱ ግን ሁለታችን ያገለገለ ምጣድ ልንገዛ ወጣን።

የቤት ምጣድ እንደ አሠራሩ ቢለያይም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኀይል ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ሲታሰብ 16 አምፔር ያህል ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ጊዜ ማለት ነው። እስቲ ነገሩን በአገር መጠን እንቁጠረው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ 3500 ሜጋ ዋት ይጠይቃል፤ ይህም ከግድቡ ሙሉ አቅም ከሁለት ሦስተኛው ይበልጣል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት የአራተኛ ክፍል ማባዛት ይበቃል። ቢሆንም በአራት ዓመት ትምህርቴ ውስጥ ምጣድ የሚለው ቃል ከአንድም መምህር አፍ ሲወጣ አልሰማሁም።

በመጀመሪያ ያሰብነው ቀላል ነበር። የምጣዱ ሽቦ የሚጋደመው በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው፤ በላዩ ጀሶ ይለሰንበታል፤ ከዚያ በታች ቆርቆሮ አለ። እንግዲህ ሙቀቱ ወደ ሊጡ መሄድ ሲገባው ከፊሉ ወደ ወለሉ ይሄዳል ማለት ነው። ታችኛውን ብንሸፍነውስ? ይህን የመሰለ ጥያቄ በሙቀት ማስተላለፍ ኮርስ ደጋግመን ሠርተነዋል። እዚያ ግን ስሙ ምጣድ ሳይሆን «ግድግዳ» ነው፤ ግድግዳውም ጠፍጣፋና ወሰን የሌለው ሲሆን ሙቀቱ ከሰዓት ሰዓት አይለዋወጥም። ከምጣዱ ሥር የብርጭቆ ጥጥ ጠቀጠቅን። በመጀመሪያው ቀን ምጣዱ ከወትሮው ቶሎ ጋለ። ደስ ብሎን ፎቶግራፍ ተነሣን። በሦስተኛው ቀን ሽቦው ተቃጠለ፤ መውጫ ያጣው ሙቀት ሽቦውን ራሱን በላው። ከየኪሳችን አዋጥተን ሌላ ሽቦ ገዛን። ደግሞ ሸክላው ቢሳሳ ሙቀቱ ቶሎ ያልፋል ብለን ሳሳ ያለ ምጣድ አሠራን። እርሱም ገና በመጀመሪያው ሙከራ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

በዚህ ጊዜ ጥር ደርሶ ነበር፤ የፈተና ወቅትም ነው፤ ሁለቱ ጓደኞቻችን «ይብቃን» አሉ። ከመተዋችን በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ወደ ተማሪዎች ምግብ ቤት የእንጀራ መጋገሪያ ሄደን፣ ከጋጋሪዎቹ አጠገብ ቆመን እንድናይ ፈቃድ ጠየቅን። ከእነርሱ አንዷ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ ሴት፣ የያዝነውን ቴርሞሜትርና ደብተር ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ከሥር ከሥር ትፈልጉታላችሁ፤ እሳቱ የሚሄደው በላይ በኩል ነው» አሉን።

እውነትም ነበር። አንዱ እንጀራ ወጥቶ፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ታስሶ፣ ሁለተኛው ሊጥ ተዙሮ፣ አክንባሎው እስኪከደን ድረስ የምጣዱ ፊት ራቁቱን ነው። ሰዓት ይዘን ለካን። አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚያች ደቂቃም ሽቦው ሙሉ ኀይሉን ይስባል። ደግሞም እኒያ ሴት የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች የሚጋግሩት ኤሌክትሪኩን አጥፍተው፣ በሸክላው ውስጥ በቀረው ሙቀት እንደ ሆነ አየን። ማንም አላስተማራቸውም፤ ወይም ደግሞ እናታቸው አስተምረዋቸዋል። እኛ ለሦስት ወር በምጣዱ ሥር ስናጎነብስ የከረምንበትን ነገር እርሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። የኤሌክትሪካሉ ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን ለውጦ፣ የሸክላውን ሙቀት እየለካ ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሠራ። ቆጣሪው የሚያነበው ቀነሰ። ምን ያህል እንደ ቀነሰ እዚህ አልጽፍም፤ አራት ጊዜ ብቻ ስለ ለካን ቁጥሩን በድፍረት ማሳተም የኢንጂነር ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ክሬዲቱ ልምጣ። ሥራችንን ስንጀምር አንድ መዝገብ ከፍተን፣ ማን በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ተበላሸ ስንጽፍበት ቆይተናል። በመዝገቡ መሠረት የእኔ ድርሻ 212 ሰዓት ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተቀበሉት የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ለአንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይደለድላል። እንግዲህ የእኔ ሥራ በዚያው ሚዛን ከ7 እስከ 8 ክሬዲት ይመዝናል፤ ከአንድ ኮርስ በላይ ማለት ነው። በትራንስክሪፕቴ ላይ ግን ምንም የለም። በዚያው መንፈቅ ከፈተናው በፊት በነበሩት አራት ሌሊቶች ብቻ ያጠናሁት፣ ዛሬ ርእሱን እንኳ በትክክል የማላስታውሰው ኮርስ ግን ሙሉ ክሬዲቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ምን ይጎድልብሃል? ዕውቀቱን አግኝተሃል» የሚለኝ ይኖራል። እኔ ምንም አልጎደለብኝም። አባቴ ደመወዝተኛ ነው፤ ውጤቴም ደኅና ነው፤ ማታ ማታ ብሠራም የሚደርስብኝ ነገር የለም። የጎደለባት ሌላ ናት።

ከኬሚካል ክፍል የነበረችው ጓደኛችን ለብዙ ጊዜ ዝምተኛ ነበረች። ሳሳ ያለው ምጣድ በተሰነጠቀ ዕለት ሁላችንም በንድፈ ሐሳብ ስንከራከር፣ እርሷ ስባሪውን አንሥታ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ሸክላ የለም፤ ደግሞም ሳታሟሹት ነው በሙሉ እሳት የጣዳችሁት» አለች። እንዴት እንዳወቀች ስንጠይቃት ጥቂት ቆይታ፣ እናቷ ምጣድ ሠሪ እንደ ሆኑ ነገረችን። የተሰበረ ገንቦ ፈጭተው ከጭቃው ጋር እንደሚያዋህዱ፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው እንደሚያደርቁት፣ አዲስ ምጣድም ቀስ በቀስ ካልተሟሸ እንደማይበረክት አስረዳችን። በአገራችን ሸክላ ሠሪ በምን ስም ሲጠራ እንደ ኖረ የምናውቅ ሁሉ፣ ይህን ለመናገር ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀባት አይጠፋንም። ከዚያ ወዲያ በሥራው መሪዋ እርሷ ሆነች። ከአምስታችን ውስጥ ሸክላ ምን እንደ ሆነ የምታውቅ እርሷ ብቻ ነበረችና።

መጋቢት ላይ ተወችን። በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ከ2.00 በታች ወርዶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ለዚህ ተጠያቂው ምጣዱ ብቻ ነው አልልም፤ ሌላም ችግር ነበረባት። ነገር ግን የምትተወው ነገር መፈለግ ነበረባት፤ ከያዘችው ሁሉ ሳትቀጣ ልትተወው የምትችለው ደግሞ የእኛ ሥራ ብቻ ነበር፤ አይቆጠርማ! ከእርሷ ጋር የሸክላው ዕውቀት ሄደ። እኛም ከዚያ በኋላ የሠራነው በተገዛ ምጣድ ነው። ስለ ሸክላው ውፍረት ያነሣነው ጥያቄ፣ ማለትም ዋናው ጥያቄ፣ እስከ ዛሬ ሳይመለስ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ሐሳቤን የለወጠው ይህ ነው። ክሬዲት ለትጉህ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት ይመስለኝ ነበር፤ ሽልማት ከሆነ ቢቀርም ግድ የለም እል ነበር። አሁን ግን ክሬዲት ጊዜ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ሥራው ካልተቆጠረ የሚሠራው ትርፍ ጊዜ ያለው ብቻ ነው፤ ትርፍ ጊዜ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጭቃ የሚያውቀው አይደለም።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን ሳጫውታቸው ተቃወሙኝ። «የወደዳችሁትን ሥራ ዋጋ አትጠይቁበት፤ ክሬዲት ያገኘ ቀን ፍቅሩ ያልቅለታል፤ ነገ ወርክሾፑ ምጣድ በሚወዱ ሳይሆን ኤ በሚወዱ ተማሪዎች ይሞላል» አሉኝ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን እውነት አልክድም። በቡድን የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአምስት ስሞች ሁለቱ ይሠራሉ፤ ሦስቱ በሽፋኑ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህማ፣ ለፈተናው የማይጠቅመውን ነገር ሁሉ እንደ ዕዳ የሚቆጥር ተማሪ በዝቷል። እንዲህ ያለው ተማሪ ክሬዲት ሲሸት ይመጣል።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ክሬዲት እንጂ ማርክ አይደለም። ውጤቱ «አለፈ» ወይም «አላለፈ» ብቻ ይሁን፤ አማካይ ነጥብ ውስጥ አይግባ። ኤ የሚያድን ሰው ኤ የሌለበት ዱር አይገባም። ከመደበኛው ኮርስ በላይ ተጨማሪ ሸክም ሆኖም አይምጣ፤ ከምርጫ ኮርሶች የአንዱን ቦታ ይያዝ፤ አለዚያ ጓደኛችንን ያስለቀቀን ችግር ባለበት ይቀራል። እያንዳንዱም ተማሪ ለብቻው ቀርቦ፣ በመዝገቡ ውስጥ ከጻፈው ላይ በቃል ይጠየቅ። ከተቃጠለው ሽቦ አጠገብ ያልነበረ ሰው ሽቦው ለምን እንደ ተቃጠለ ለአምስት ደቂቃ መናገር አይችልም።

«የመመረቂያ ጽሑፍ አለላችሁ፤ ዲዛይናችሁን ለምን እዚያ አትሠሩም?» የሚሉም አሉ። መልካም። በክፍላችን መደርደሪያ ላይ ካሉት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹን አንብቤአለሁ። በአነበብኳቸው ሁሉ ውስጥ አንድም ያልተሳካ ዲዛይን የለም! ሽቦ አይቃጠልም፤ ሸክላ አይሰነጠቅም፤ ሁሉም እንደ ታሰበው ሆኖ ያልቃል። ይህ ተማሪዎቻችን ከሌላው ዓለም ኢንጂነሮች የተለዩ ስለ ሆኑ አይደለም። ያልተሳካ ነገር ጽፎ ማርክ የሚያገኝ ስለ ሌለ ነው። ጊዜውም አጭር ነው፤ የሚሠራውም በመጨረሻው ዓመት ነው፤ ስሕተቱን አይቶ እንደገና ለመሥራት ሲዘጋጅ ጋውን ተከራይቶ ይመረቃል። የማታው ሥራ ክሬዲት የሚገባው ለመዝገቡ መሆን አለበት። ምጣዱ ቢሠራ ባይሠራ፣ የተሠራውና የተበላሸው በእውነት ተጽፎ፣ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያ ሊጀምር ከቻለ ክሬዲቱ ተገኝቷል።

ይህ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በኢንዲያና የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኤፒክስ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። መሥራቾቹ ሊያ ጀሚሰንና ኤድዋርድ ኮይል የተባሉ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መምህራን ናቸው። በዚያ ተማሪዎች በአካባቢያቸው ለሚገኙ የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚያስፈልገውን መሣሪያ ዲዛይን ያደርጋሉ፤ ለሥራቸውም በየመንፈቁ ክሬዲት ያገኛሉ። ከክሬዲቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የቡድኑ አደረጃጀት ነው። የመጀመሪያ ዓመቱ ተማሪ ከመጨረሻ ዓመቱ ጋር በአንድ ቡድን ይሠራል፤ አንዱ ሲመረቅ ሌላው ይገባል፤ ሥራው በአንድ መንፈቅ አያልቅም፤ ለዓመታት ይቀጥላል። ሁለቱ መሥራቾች ከባልደረባቸው ከዊልያም ኦክስ ጋር በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንጂነሪንግ አካዳሚ የሚሰጠውን የጎርደን ሽልማት አግኝተዋል። ወደ እኛ ስንመለስ፣ አምስተኛ ዓመቶች በተመረቁ ማግስት የክበባቸው ዕቃ በካርቶን ታስሮ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ዕቃ ቤት ጠባቂው ያውቃል።

ለነገሩ እስከ ኢንዲያና መሄድም አያስፈልግም። የያኔው ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን ሲጀምር፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። የሚበዙትም በአስተማሪነት አገለገሉ። ያን ጊዜ ተማሪው በግዴታው ላይ ያጉረመረመበት ምክንያት ነበረው፤ እርሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ። ዳሩ ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ የዲግሪ አካል ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከተቀበለው ቆይቷል። ዛሬም የፋብሪካ ልምምድ ክሬዲት አለው። ፋብሪካ ሄዶ አንድም መሣሪያ ሳይነካ፣ ሻይ ሲያመላልስ ቆይቶ የተመለሰ ተማሪ ክሬዲት ካገኘ፣ በዚሁ ግቢ ውስጥ ሽቦ ያቃጠለ ለምን አያገኝም?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሐሳቡ የሚወድቀው በዚህ በኩል ነው ብዬ ስለምፈራ። ለተማሪው ክሬዲት ተሰጥቶ ለመምህሩ ካልተቆጠረለት ነገሩ ቀልድ ይሆናል። አንድ መምህር ሥራችንን በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ያዩልን ነበር፤ የሚመጡት ማታ ነው፤ ለዚያ ሰዓት የተከፈላቸው ሳንቲም የለም፤ በማስተማሪያ ሰዓታቸውም ውስጥ አልገባም። አንድ ሰው ለአንድ ዓመት እንዲህ ያደርጋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ መዝገቡን ሳያነብ ይፈርማል፤ በእርሱም አልፈርድበትም። ስለዚህ የተማሪዎች መማክርት ጥያቄውን ወደ ዲኑ ቢሮ ሲያቀርብ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ያቅርብ፤ ለተማሪው ክሬዲት፣ ለመምህሩ የሥራ ሰዓት። አንዱ ብቻ ከተሰጠ ባይሰጥ ይሻላል።

ጓደኛችን ማስጠንቀቂያውን ተሻግራለች፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ስለ እርሷ ይህን እንድጽፍ ስጠይቃት ስሟን እንዳላነሣ ብቻ ነገረችኝ። ወደ ወርክሾፑ ግን አልተመለሰችም፤ የመውጫ ፈተና አለባት። ከቀረነው አራቱም ሦስታችን ዘንድሮ እንወጣለን።

መዝገቡ 94 ገጽ ሆኗል፤ በእኔ ዘንድ ነው። የተሰነጠቀው ምጣድ፣ ሁለቱ የተቃጠሉ ሽቦዎችና መቆጣጠሪያው በወርክሾፑ ከሦስተኛው ጠረጴዛ ሥር በጆንያ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሸክላውን ከየት መጀመር እንደሚገባ ጓደኛችን በገጽ 41 እና 42 ላይ በእጇ ጽፋዋለች። ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ዓመት ሥራውን የሚረከብ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ያገኘኛል።